የቅሬው ሲዲ

ሰኞ ጠዋት ኸይረዲን ግማሽ አካሉን አልጋ ሥር ከትቶ በባትሪ ሲፈልግ፣ አጎቱ ሙሳ በራፉ ላይ ቆመው ጥርሳቸውን እየፋቁ ሲያዩት ቆዩና «አትድከም፣ ለቅሬው አስረክቤዋለሁ» አሉት። ኸይረዲን ጭንቅላቱን ከአልጋው ብረት ጋር አጋጨ። ምኑን ብሎ መጠየቅ እንኳ አላስፈለገውም። ከባሕር ማዶ በፖስታ ሁለት ወር ተጉዞ ዓርብ ዕለት ከሚሴ የደረሰለትን ሲዲ ማታ ከነወረቀት ከረጢቱ ራስጌው አድርጎት ነበር የተኛው። አጎቱ የንጋቱን የሱብሂ ሰላት ሰግደው ሲመለሱ፣ እሱ አፉን ከፍቶ ሲያንኮራፋ አግኝተውት፣ ሲዲውን ከራስጌው አንሥተው፣ ከከረጢቱ አውጥተው አገላብጠው ካዩት በኋላ በመሐረብ ጠቅልለው ለቅሬው ዕቃ ጠባቂ ለሸህ ሙህዲን በእጃቸው ሰጥተው መጥተዋል። ሚስታቸው ዘምዘም ከጓዳ ሆነው «ሱብሂ ያመለጠው ሰው ሌላም ነገር ያመልጠዋል» አሉ፣ ለማንም ሳይሆን ለሻዩ ማንቆርቆሪያ የተናገሩ ይመስል።

«እንዴት ይሰጣል? የኔ እኮ ነው» አለ ኸይረዲን፣ ከአልጋው ሥር አቧራ ለብሶ እየወጣ።

«ያንተ አይደለም» አሉት አጎቱ ረጋ ብለው። «ራስህ ነህ የማንም አይደለም ያልከው።»

ማለቱንስ ብሏል። ካፍ የወጣ አፋፍ ነው፤ ያለውም በአርባ ሰው ፊት ነው። ከሚሴ ላይ ሰው ሲሞት መቃብር የሚቆፍረው፣ ድንኳን የሚተክለው፣ ለቀስተኛ የሚያበላው ቅሬ ነው፤ የነሙሳ ሰፈር ቅሬ ደግሞ በዕቃው አያያዝ ከታች እስከ ሰንበቴ ከተማ ድረስ ስሙ ይነሣል። በየወሩ ሲሰበሰቡ ግማሹ ሰዓት የሚያልቀው በድስት ወሬ ነው፤ ማን ወሰደ፣ ማን ሳያጥብ መለሰ፣ የማን ክዳን ጎበጠ። ትናንት ግን የድስቱ ነገር ቶሎ አለቀና የቅሬው ዳኛ ዞር ብለው «የሙሳ ልጅ፣ ለመሆኑ አንተ ኮሌጅ ውስጥ የምታስተምረው ምንድን ነው?» አሉት። ኸይረዲን እንዲህ ያለ ጥያቄ ሲጠየቅ ራሱን የማያውቅ ሰው ነው። ተነሥቶ ቆመ። ኮምፒውተር የሚባለው ዕቃ ያለ ፕሮግራም ብረት መሆኑን፣ ፕሮግራሙን የሚሸጡ ኩባንያዎች መኖራቸውን፣ ገዝተህ እንኳ ለጎረቤት ማዋስ ክልክል መሆኑን፣ ሲበላሽ ከፍቶ ማየትም ክልክል መሆኑን ነገራቸው። ሽማግሌዎቹ ተያዩ። ለጎረቤት የማይዋስ ዕቃ በዕድሜያቸው አልሰሙም። ከዚያ ሌላ ዓይነት ደግሞ አለ አላቸው፤ ሰዎች በየአገሩ ሆነው አዋጥተው የሠሩት፣ የፈለገ የሚጠቀምበት፣ የቻለ የሚጠግነው፣ አባዝቶ ለሌላው ቢሰጠው ማንም የማይከስሰው። ነፃ ሶፍትዌር ይባላል። «የማንም አይደለም፣ የሁሉም ነው» አለ ኸይረዲን፣ ያን ሶፍትዌር የያዘውን ሲዲ ከፍ አድርጎ እያሳየ፣ «ልክ እንደ ቅሬ ድስት።» ይህን ሲል በዛፍ ጥላ ሥር የተቀመጠው ሁሉ በአንድነት ራሱን ነቀነቀ። ዩኒቨርሲቲ ገብቶ ከወጣ ወዲህ ንግግሩ እንደዚያ ገብቷቸው ራሳቸውን የነቀነቁለት ሰዎች አልነበሩም፤ ማታ ሲተኛም ያን እያሰበ ፈገግ ብሎ ነበር የተኛው።

ይህን ሁሉ የተናገረው ግን ሲዲው ለዛሬ በጣም በሚያስፈልገው ሰዓት ነው። የኮሌጁ ኮምፒውተር ክፍል ውስጥ ያሉት አሥራ ስድስት ኮምፒውተሮች በቫይረስ ከተኙ ሁለት ወር አልፏቸዋል። ዲኑ አቶ ባንተይርጋ ክፉ ሰው አይደሉም፤ ግን ሥራ ላይ ያልዋለ ክፍል ሲያዩ እንቅልፍ የማይወስዳቸው ሰው ናቸው፤ የእንጨት ሥራ ክፍሉ ደግሞ የተሠሩ ዴስኮች የሚያስቀምጥበት አጥቶ ከዝናብ ጋር እየታገለ ነው። «ሰኞ ስምንት ሰዓት ኮሚቴ ይዤ እመጣለሁ» ብለውታል። «አንድ እንኳን ተነሥታ ካየሁ እሰየው። ካልሆነ ክፍሉ ለዴስክ ነው፣ ተማሪዎችህም በሌላ ሙያ ይመደባሉ።» ተማሪዎቹን ሲያስብ ኸይረዲን ሆዱ ይባባል፤ በተለይ ዓፊያን። ዓፊያ ሁለት ልጅ ወልዳ፣ ከባሏ ጋር ተሟግታ፣ ከገጠር በእግሯ እየተመላለሰች የምትማር ሴት ናት፤ ኮምፒውተሮቹ ከሞቱ ጀምሮ በካርቶን ላይ በተሳለ ኪቦርድ ጣቶቿን ስታለማምድ ሁለት ወር ቆይታለች። ሲዲው ዓርብ ሲደርስ ኸይረዲን በደስታ ከፖስታ ቤት እስከ ኮሌጁ ሮጧል። ከሚሴ ግን ከሚሴ ናት፤ እሱ ደጃፉ ሳይደርስ የጠፋው መብራት ቅዳሜንም እሑድንም ጠፍቶ ዋለና ዛሬ ንጋት ላይ ነው የመጣው። መብራቱ ሲመጣ ሲዲው ሄደ።

ከአጎቱ ጋር ሌላ ቃል ሳይለዋወጥ ጫማውን አጠለቀ። አጎቱም በረንዳ ላይ ወዳለችው የስፌት መኪናቸው ሄደው ቁጭ አሉና ዘይት ያጠግቧት ጀመር። ሁለቱ ሲኳረፉ ቤቱ ውስጥ የሚሰማው የመኪናዋ ኮሽታ ብቻ እንደሆነ ዘምዘም ከድሮም ያውቁታል፤ ስለዚህ የማሽላውን ቂጣ በሻይ ሳይበላው የወጣውን ልጅ ከኋላ አልጠሩትም፣ ቂጣውን ግን ከድነው አስቀመጡለት።

ሸህ ሙህዲን ቤታቸው የሉም። ባቲ ገበያ ፍየል ሊገዙ ወጥተዋል አለች ልጃቸው። ኸይረዲን ባጃጅ ይዞ መናኸሪያ ሲደርስ ሸህየው ከሾፌሩ ኋላ ካለው ወንበር ላይ ጃንጥላቸውን ጉልበታቸው መካከል አቁመው፣ ቤታቸው ያሉ ያህል ተደላድለው ተቀምጠዋል። ሚኒባሱ ለመሙላት አንድ ሰው ቀርቶታል። ረዳቱ «ባቲ! ባቲ በኮምቦልቻ! አንድ ሰው ብቻ!» እያለ ሲጮህ ኸይረዲንን አየና ሳይጠይቀው ብብቱን ይዞ ወደ ውስጥ ወረወረው። ሞተሩ ተነሣ።

«አቁም! አውርደኝ! አልሄድም!» ይላል ኸይረዲን።

«አከም ቡልቴ፣ የሙሳ ልጅ» አሉት ሸህ ሙህዲን በደስታ። «ኮቱ፣ እዚህ ጋ ና። እናትህ ደህና ናት? አጎትህስ ደህና አደረ? ዘምዘምስ? ያቺ የታመመችው ጊደራችሁስ?»

ወሎ ውስጥ ሰላምታ አይቋረጥም። ኸይረዲን ስለ እናቱም፣ ስለ ዘምዘምም፣ ስለ ጊደሯም አልሐምዱሊላህ እያለ ሲመልስ፣ በአንድ እግሩ ደግሞ በሩ እንዳይዘጋ ሲይዝ፣ ተሳፋሪው ሁሉ በላዩ ላይ ተነሣበት። በመጨረሻ ስለ ሲዲው ጠየቀ። ሸህየው ፊታቸው በራ። ዕቃው በደህና ቦታ ነው፣ ቁልፉም እዚህ ነው ብለው አንገታቸው ላይ ያንጠለጠሉትን ቁልፍ ዳበሱ። አሁን እንዲሰጡት ሲለምናቸው ግን ነገ አሉት። ነገ አይሆንም ቢላቸው ከነገ ወዲያ አሉት። ለሃያ ዓመት የቅሬ ዕቃ ሲጠብቁ እንደሱ ያለ ችኩል ስንቱን አይተዋል። ኸይረዲን ተስፋ ሊቆርጥ ሲል ሸህየው የማይችሉት አንድ ነገር ትዝ አለው።

«እሺ፣ ነገ ይሁን» አለ። «ብቻ ሙቀት ያገኘው እንደሆነ ይጣመማል። በቆርቆሮ ቤት ከሆነ ያለው እስከ ማታ እንደ ቂጣ ይታጠፋል።»

ሸህ ሙህዲን ከወንበራቸው ተነሡ። የቅሬ ዕቃ በሳቸው እጅ ጎብጦ አያውቅም፣ አይጎብጥምም። የሰው ጉልበት እየረገጡ፣ «አፉ በሉኝ» እያሉ፣ ከነጃንጥላቸው ወረዱ። ኸይረዲንም አብሮ ወረደ። ረዳቱ ሁለቱን ተራ በተራ አያቸውና፣ እንባው ሊመጣ ምንም ሳይቀረው «ባቲ! ሁለት ሰው ብቻ!» ሲል ገና መንገዱ ድረስ ይሰማቸው ነበር።

ዕቃ ቤቱ ሸህየው ግቢ ውስጥ ያለ የጭቃ ቤት ነው፤ ጣሪያው ቆርቆሮ ቢሆንም ከሥሩ በሣር ስለተለበጠ ውስጡ ይቀዘቅዛል። ድስቶቹ በቁመት ተሰልፈዋል፤ ትልቁ ሰንጋ የሚቀቀልበት፣ ትንሹ ለወጥ ማሞቂያ። ሲዲው ትንሹ ድስት ውስጥ ክዳን ተደፍቶበት ተገኘ። ሸህ ሙህዲን አውጥተው መሐረቡን ፈቱ፣ በበሩ በኩል ለፀሐይ ዘንበል አድርገው አዩትና ቅንድባቸው ተሰበሰበ። የሚያብረቀርቀው ፊት ላይ አምስት ጣት ቁጭ ብሎበታል። ሙሳ ከስፌት መኪናቸው ዘይት ጋር ነው ያስረከቡት። ሙሳም በዚህ ሰዓት ሥራቸውን ትተው ከኋላ በእግራቸው ደርሰው በሩ ላይ ቆመዋል፤ ጣታቸውን አዩ፣ ሲዲውን አዩ።

«ሙሳ፣ ያልታጠበ ዕቃ ነው እንዴ ያስረከብከኝ?» አሉ ሸህየው በሐዘን። «ጨለማ ስለነበር ሳላየው ተቀበልኩ። ጥፋቱ የኔም ነው።»

ኸይረዲን ምን ሊሆን እንደሆነ የገባው ሸህየው የእንስራ ውሃና የሳሙና ቁራጭ ሲያነሡ ነው። «ይተዉ!» ብሎ ሳይጨርስ ቀደሙት። ሸህ ሙህዲን ሲዲውን አረፋ አስመቱት፤ ዳር ዳሩን፣ መሐሉን፣ ቀዳዳውን በትንሽ ጣታቸው። አለቀለቁት። ሙሳ ሳይጠሩ ቀረብ ብለው በነጭ ፎጣቸው ጫፍ ተቀበሏቸውና፣ አራስ ልጅ የያዙ ያህል ቀስ ብለው አደረቁት። ሲዲው እንደዚያን ቀን ጠርቶ አያውቅም። ኸይረዲን «በሉ እንግዲህ ስጡኝ» ብሎ እጁን ዘረጋ።

«ማን ሞተ?» አሉ ሸህ ሙህዲን።

ማንም አልሞተም። ማንም ካልሞተ ደግሞ ዕቃ አይወጣም። የቅሬው ደንብ ቀላል ነው፤ ዕቃ ለሞት ይወጣል፣ ለሰርግ ይወጣል፣ ከሁለቱ ውጭ ከሆነ ጉባኤው ይፈቅዳል። ጉባኤው ደግሞ ትናንት ተቀምጦ ተነሥቷል፤ የሚቀጥለው ወር ነው። ኸይረዲን ለመነ፣ ተቆጣ፣ ድስት መሆኑን እንዲረሱት ጠየቃቸው። ሸህየው ግን ለራሳቸው ልጅ ሰርግ እንኳ ጉባኤ ፊት ቆመው አስፈቅደው ድስት የወሰዱ ሰው ናቸው፤ ሲዲውን መልሰው ትንሹ ድስት ውስጥ አድርገው ክዳኑን ደፉበት። ሙሳ የወንድማቸውን ልጅ ፊት አንዴ አዩ። ከዚያ ፎጣቸውን ትከሻቸው ላይ ጣል አድርገው ከግቢው ወጡ። ኸይረዲን አጎቱ ጥለውት የሄዱ መሰለው።

ጥቂት ቆይቶ የቅሬው ጠሪ ድምፅ በሰፈሩ ተሰማ። «ለቅሬ ውጡ! ቅሬ ነው፣ ውጡ!» ይላል፣ እንደ ደንቡ ማን እንደሞተ ሳይናገር። ሙሳ ናቸው ያስጠሩት። ከዚያ በኋላ የሆነውን ማንም ሊያቆመው አይችልም ነበር። ልብስ ሰፊው መቀሱን ጣለ፣ ፀጉር አስተካካዩ ግማሽ የተላጨ ደንበኛውን ይዞ መጣ፣ ጫት ላይ ተቀምጠው የነበሩት ገና አሁን ሞቅ ሲላቸው ተነሡ። የቀረ ይቀጣላ። ሴቶቹም እሳት አቀጣጥለው ንፍሮውን ጣዱ። ሁሉም ኩታውን አጣፍቶ፣ ፊቱን አጨፍግጎ፣ ሸህ ሙህዲን ግቢ ሲደርስ ሬሳ ፈለገ፣ አጣ። ሙሳ መሐል ቆመው፣ በሕይወታቸው አደባባይ ላይ ከተናገሩት ሁሉ የሚረዝመውን ንግግር አደረጉ። «ሰው አልሞተም፣ አልሐምዱሊላህ። የኸይረዲን ክፍል ነው ሊዘጋ የሆነው። ዕቃው በኛ እጅ ነው። ጥፋተኛው እኔ ነኝ። ቅጡኝ፣ ግን ዕቃው ይውጣ።»

ጉምጉምታ ሆነ። ለከንቱ ተጠራን ያሉ ነበሩ፤ ግማሽ የተላጨው ሰውዬ ከሁሉ በላይ ተቆጥቷል። የቅሬው ዳኛ ምርኩዛቸውን መሬት ላይ አስደግፈው ብዙ አሰቡ። ጉባኤው ሙሉ ስለሆነ ዕቃው ይውጣ አሉ፤ ይህ ቀላል ነው። አስቸጋሪው ሌላ ነው። የተጠራ ቅሬ ሳይደርስ አይበተንም። ወጥቶ ለቅሶ ቤት ሳይቀመጥ የተመለሰ ቅሬ እስካሁን አልታየም፣ መጥፎ ነገርም ይጠራል። በዚህ መካከል ዘምዘም ከሴቶቹ በኩል «ንፍሮውስ በስሏል፣ ለማን ሊሆን ነው?» አሉ። ይሄ ነገሩን ቆረጠው። ዳኛው ተነሡ፣ ቅሬውም ተነሥቶ ወደ ኮሌጁ ሄደ።

በዋናው መንገድ ዳር ሲሄዱ የደሴ መኪኖች ፍጥነታቸውን ቀነሱላቸው፣ ባጃጆች ቆሙላቸው፣ የማያውቁ ሰዎች ነፍስ ይማር እያሉ ተቀላቀሏቸው። ከፊት ሸህ ሙህዲን ትንሿን ድስት በሁለት እጃቸው ይዘዋል። ኸይረዲንና አጎቱ ጎን ለጎን ሆነው ከኋላ ተከተሉ።

«ሰው ልጅህ ምን ይሠራል ሲለኝ» አሉ ሙሳ በድንገት፣ ፊት ለፊት እያዩ፣ «የመብራት ነገር ነው እል ነበር። አራት ዓመት ሙሉ። ትናንት ድስቱን ስትጠቅስ ገባኝ። ደስ አለኝ። ደስ ሲለኝ ጊዜ በኔ እጅ ለቅሬው ይግባ አልኩ፤ የሙሳ ቤት ያስገባው ነው እንዲባል።»

ኸይረዲን ጠዋት ያኮረፋቸው ትዝ ብሎት አፈረ። የአጎቱን ፎጣ ጫፍ ከትከሻቸው ሊወድቅ ሲል ያዘና መልሶ አስተካከለላቸው፤ ሁለቱም ይህንኑ እንደ ይቅርታ ቆጠሩት።

አቶ ባንተይርጋ ኮሚቴያቸውን ይዘው ከቢሯቸው ሲወጡ ግቢው በለቀስተኛ ተሞልቷል። ዘበኛው በሩን የከፈተው ቅሬ አይመለስም ብሎ ነው። ወንዶቹ ከኮምፒውተር ክፍሉ ፊት ለፊት ባለው ሣር ላይ በረድፍ ተቀምጠዋል፣ ሴቶቹ ከግራር ጥላ ሥር ናቸው። ዴስክ ተሸክመው የመጡት የእንጨት ሥራ ተማሪዎች ዴስኮቹን አውርደው ኮፍያቸውን አውልቀው ቆመዋል። ዲኑ የተወለዱት መንዝ ቢሆንም ከሚሴ ብዙ ኖረዋል፤ ባለቤታቸው ዕፀገነት የማርያም ዕድር ጸሐፊ ናቸው። ለቅሶ ላይ ማን ሞተ ተብሎ እንደማይጠየቅ ያውቃሉ። ከተማሪዎቻችን አንዱ ነው ብለው ደንግጠው፣ ባርኔጣቸውን አውልቀው፣ ከዳኛው አጠገብ ሣሩ ላይ ቁጭ አሉ። ኮሚቴውም ተከትሎ ተቀመጠ። ስምንት ሰዓት ሆነ፣ አለፈ። ዘምዘም በሰፌድ ንፍሮ አመጡላቸውና ዲኑ በሁለት እጃቸው ዘገኑ።

ውስጥ ኸይረዲን ሲዲውን ከትንሿ ድስት አውጥቶ ከመስኮቱ አጠገብ ያለው ኮምፒውተር ውስጥ ከተተው። ዓፊያ ከጎኑ ቆማ የካርቶን ኪቦርዷን ደረቷ ላይ አቅፋለች። ስክሪኑ ጠቆረ። ሲዲው ከውስጥ እንደ ወፍጮ ሲሽከረከር ይሰማል፣ ዝም ይላል፣ እንደገና ይሽከረከራል። ኸይረዲን ሳሙናውን አሰበ፤ ያ ቀዳዳ ውስጥ የገባ ትንሽ ጣት ታየው። ሸህ ሙህዲን ባዶዋን ድስት ይዘው በሩ ላይ ቆመዋል። «ምን ይላል?» ይላሉ። ምንም አይልም። «አዬ፣ የሙሳ ዘይት ነው» አሉና ከንፈራቸው ዱዓ ያደርግ ጀመር። ኸይረዲን በመስኮቱ ወደ ውጭ ሲያይ ዲኑ ንፍሮ እየቆረጠሙ፣ አጎቱ ደግሞ ዓይናቸውን ከመስኮቱ ሳያነሡ ይታዩታል። እንደዚያ ያለ ዓይን አይቶ ይሄ ነገር ባይሠራ፣ ቤት የሚመለስበት እግር አልነበረውም።

ከዚያ ድምፅ ማጉያው በድቤ ድምፅ ድም፣ ድም አለ። ይህ ፕሮግራም ሲነሣ ከበሮ እየመታ ነው የሚነሣው። ውጭ የተቀመጠው ሁሉ በድንጋጤ ተያየ። ለቅሶ ላይ ድቤ! «ሱብሃነላህ» አሉ ዳኛው፣ ተነሡም። አርባውም ተነሥቶ መስኮትና በር ላይ ተደራረበ፤ ዲኑም ንፍሮ እንደያዙ በመሐል ተገፍተው ገቡ። ስክሪኑ በርቷል። ዓፊያ ወንበሩ ላይ ተቀምጣ፣ ካርቶኑን እግሯ ሥር አድርጋ፣ ሁለት ወር በላዩ ያለማመደቻቸውን ጣቶች እውነተኛው ኪቦርድ ላይ አስቀምጣ ስሟን በአማርኛ ጻፈች። አነበበችውና ዓይኗን በሻሿ ጠረገች።

አቶ ባንተይርጋ ነገሩ ቀስ እያለ ገባቸው። «ማንም አልሞተም ማለት ነው?» አሉ።

«አልሞተም፣ አልሐምዱሊላህ» አሉ ዳኛው።

ዲኑ መቆጣት ፈልገው ነበር፣ ግን አፋቸው ንፍሮ ነበረበት። ሲውጡት ቁጣው አልፎ የሥራ ሰውነታቸው ተመለሰ። ኮምፒውተሯ ተነሥታለች፣ አይተዋል፣ አይክዱም። ነገር ግን ነፃ ነው የሚባል ነገር ያስፈራቸዋል። ባለቤቱ ያልታወቀ ንብረት ኮሌጁ እንዴት ይረከባል? ነገ ቢበላሽ ማንን ይጠይቃሉ? ኸይረዲን ደረቱን ነፍቶ ስለ ነፃነቱ፣ ስለ ፈቃዱ፣ በዓለም ዙሪያ ስላሉት ሠሪዎች ሊያስረዳ ሲጀምር የዲኑ ፊት እየጠቆረ ሄደ። ሙሳ እጃቸውን የልጁ ትከሻ ላይ አድርገው አስቆሙት።

«ባለቤቱ እኛ ነን» አሉ።

«እናንተ?»

«ቅሬው ነው» አሉ ሸህ ሙህዲን። «ዕቃው በኔ እጅ ነው ያለው። ተውሳችሁ ነው እንጂ የናንተ አይደለም። ሲበላሽ እኛን ትጠይቃላችሁ።»

«ማን ይጠግነዋል?»

አርባው ሰው በአንድ ጊዜ ኸይረዲንን በጣቱ አመለከተ። ግማሽ የተላጨው ሰውዬ ደግሞ «ካልመጣ ይቀጣል» አለ።

አቶ ባንተይርጋ ኮሚቴያቸውን አዩ፣ ኮሚቴው ንፍሮውን አየ። ከታወቀ ማኅበር በውሰት የመጣ ዕቃ እንደሆነ ዕቃ ነው፤ ባለቤት አለው፣ ጠያቂ አለው፣ ተጠያቂ አለው። ለሌላም ቢሆን አርባ ለቀስተኛ ግቢ ውስጥ ተቀምጦ ክፍል መዝጋት አይቻልም። ዴስኮቹ ተመለሱ። ተሸካሚዎቹ ተማሪዎች እንኳ ደስ ብሏቸው ነው የመለሷቸው። ኸይረዲን ፕሮግራሙን ኮምፒውተሩ ሆድ ውስጥ አሰፈረው፣ ባዶ ሲዲ ፈልጎም አንድ ቅጂ ገለበጠ፤ ሌሎቹን በየተራ ለማስነሣት ይሄው ይበቃዋል። ንፍሮው እስኪያልቅ ሁለቱም አለቁ።

ሸህ ሙህዲን ቅጂው ሲወጣ ቆመው አይተዋል። የመጀመሪያውን ሲዲ ተቀብለው በአንድ እጃቸው መዘኑት፣ ሁለተኛውን በሌላው። «ከዚህ ምን ያህል ጎደለ?» ብለው ጠየቁ። ምንም እንዳልጎደለ ኸይረዲን ነገራቸው። መቶ ቢገለበጥስ? ምንም። ሸህየው ትንሿን ድስት አዩ፣ ሲዲውን አዩ፣ ለሃያ ዓመት የቆጠሩት ክዳን ሁሉ ትዝ ያላቸው መሰለ። «እንዲህ ያለ ድስት እያለ በአላህ» አሉ፣ «እኛ ምን ስንደክም ኖርን?»

ዲኑ በዚህ መካከል ሲዲውን ለማየት ጠየቁ። አገላበጡት፣ ቀዳዳውን አዩት፣ ለባለቤታቸው ዕድርም አንድ ይገለበጥ እንደሆነ በዝግታ ኸይረዲንን ጠየቁት፣ ይገለበጣል አላቸው። ደስ ብሏቸው ለሸህየው መለሱ። ሸህ ሙህዲን ግን ድስቱ ውስጥ አልከተቱትም። ወደ በሩ ወጥተው ለፀሐይ ዘንበል አደረጉት፣ ቅንድባቸው ተሰበሰበ። የሚያብረቀርቀው ፊት ላይ የንፍሮ ጨው ያለበት አውራ ጣት ቁጭ ብሏል።

«ይሄ አልታጠበም» አሉ።

ሙሳ ወደ ሰማይ አዩ። ኸይረዲን እኔ ልጠበው ብሎ እጁን ዘረጋ፤ ሸህየው ራሳቸውን ነቀነቁ። ደንቡ የታወቀ ነው፣ የተዋሰ ያጥባል። አቶ ባንተይርጋ፣ የሁለት ዲግሪ ባለቤት፣ ኮታቸውን አውልቀው ለኮሚቴው ጸሐፊ ያዙልኝ ብለው ሰጡና ሲዲውን ይዘው ወደ ቧንቧው ሄዱ። ዘምዘም ሳሙና አቀበሏቸው። ጎንበስ ብለው እያጠቡ ሳለ ሸህ ሙህዲን ከበላያቸው ቆመው ጃንጥላቸውን ዘረጉላቸው፣ የከሚሴ ፀሐይ እንዳይመታቸው።

«ጀርባውንም» አሏቸው።